ሰው ወዳለበት ዳርቻ

አንደኛው ሞተር ጠፍቷል። ሁለተኛውም ቢሆን የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጠላፊዎቹ ለመመካከር ከአብራሪዎቹ ክፍል ወጣ ሲሉ ካፒቴን ልዑል አባተ ማይክሮፎኑን አነሡና ለመንገደኞቻቸው እውነቱን ነገሯቸው። ነዳጅ ማለቁን፣ አንድ ሞተር መጥፋቱን፣ አውሮፕላኑ ተገዶ ሊያርፍ መሆኑን አስረዱ። ተሳፋሪዎቹ ጠላፊዎቹን እጃቸውን አጣጥፈው እንዳያዩም ጠየቁ። ወዲያው አንደኛው ጠላፊ ተመልሶ ማይክሮፎኑን ከእጃቸው አስጣለ።

ዕለቱ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር። ከታች የሕንድ ውቅያኖስ ተዘርግቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961፣ ቦይንግ 767 አውሮፕላን፣ ጠላፊዎቹን ጨምሮ 175 ሰው ይዟል። ከነዚህ ውስጥ 125ቱ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሕይወት አይኖሩም። 50ዎቹ ይተርፋሉ።

ዓለም ይህን አደጋ የሚያስታውሰው በአንድ አጭር ቪዲዮ ነው። የቀረጹት ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ኮሞሮስ የሄዱ ደቡብ አፍሪካውያን ሙሽሮች ናቸው። «ለ ጋላዋ» በሚባለው ሆቴል ዳርቻ ላይ ሳሉ ትልቅ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲመጣ ሙሽራይቱ ለቱሪስቶች የተዘጋጀ የአየር ትርኢት መስሏት ነበር። በምስሉ ላይ የግራ ክንፉ ውሃውን ሲነካ፣ ነጭ አረፋ ሲነሣ፣ አውሮፕላኑ ዞሮ ሲሰባበር ይታያል። ሁሉም በሰከንዶች ያልቃል። ስለ አውሮፕላን አደጋ በሚሠሩ ፊልሞች ሁሉ እየተደጋገመ ስለሚቀርብ ያላየው ሰው ጥቂት ነው። እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። በዚያ ምስል ውስጥ ሰው አይታይም። ከመስኮቶቹ ጀርባ ልጅ ያቀፈች እናት፣ የጎረቤቱን የሕይወት አድን ጃኬት የሚያስር መንገደኛ፣ ደም እየፈሰሰው መሪ የያዘ አብራሪ አሉ ብሎ የሚያስብ ተመልካች ምን ያህል ይሆናል? ከነዚያ ሰከንዶች በፊት አራት ሰዓት ያህል የፈጀ ጭንቅ አለ። ከነሱም በኋላ በውሃው ውስጥና በአሸዋው ላይ የሆነው አለ። ሊነገር የሚገባው እሱ ነው።

አውሮፕላኑ ከቦሌ የተነሣው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በናይሮቢ፣ በብራዛቪል እና በሌጎስ በኩል አቢጃን ይደርሳል። የመጀመሪያው ጉዞ፣ እስከ ናይሮቢ ያለው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ አጭር መንገድ ነው። እንዲህ ባለ በረራ ላይ የሚሳፈረው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው። ለሥራ የሚሄድ አለ፤ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ፤ ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን የቀየረ አለ። ኢትዮጵያውያን፣ ኬንያውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ ሕንዶች፣ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ነበር።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደበረሩ ሦስት ወጣቶች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ሮጡ። ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። በእጃቸው የገባው መሣሪያ ከዚያው ከአውሮፕላኑ የተገኘ ነበር፤ ለእሳት አደጋ የተቀመጠው መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያው። ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው ከክፍሉ አስወጧቸው። ቁጥራቸው አሥራ አንድ እንደሆነና ቦምብ እንደያዙም ተናገሩ። ማንም ቢንቀሳቀስ አውሮፕላኑን እናፈነዳዋለን የሚለውን ዛቻ በድምፅ ማጉያው በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ አስተላለፉ። ሌሎች ስምንት ሰዎች አልነበሩም። ቦምብ የተባለውም ተሸፍኖ የተያዘ የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበር በኋላ ተረጋግጧል። በዚያ ሰዓት ግን ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል? አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከአሥራ አንዱ አንዱ ይሁን አይሁን የማያውቅ መንገደኛ፣ ጎረቤቱን ተማምኖ ሊነሣ አይችልም። ሦስት ሰዎች አንድ መቶ ሰባ ሰው አፍነው የያዙት በመጥረቢያው ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ከሰው በማጠራጠር ጭምር ነው።

ጥያቄያቸው አውስትራሊያ ውሰዱን የሚል ነበር። ካፒቴኑ የሞሉት ነዳጅ ለዚያ እንደማይበቃ፣ የመንገዱን ሩብ እንኳ እንደማያስኬድ ደጋግመው አስረዱ። ወርደን ነዳጅ እንሙላ ብለውም ለመኑ። ጠላፊዎቹ አላመኗቸውም። ያመኑት በየመቀመጫው ኪስ የሚቀመጠውን የአየር መንገዱን መጽሔት ነው። እዚያ ላይ ይህ ዓይነት አውሮፕላን ያለማቋረጥ ረጅም ርቀት መብረር እንደሚችል ተጽፏል። ጽሑፉ አልዋሸም። ነገር ግን አውሮፕላን ሊይዝ የሚችለውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ አይነሣም። ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው፤ ክብደቱን ተሸክሞ ለመብረር ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ስለዚህ ለሚሄድበት መንገድ የሚበቃውን፣ ለመጠባበቂያ ከሚጨመርለት ጋር ብቻ ይሞላል። ከአዲስ አበባ እስከ አውስትራሊያ ምዕራባዊ ጠረፍ 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚያን ቀኑ ነዳጅ ለናይሮቢ የተሰላ ነበር።

ካፒቴን ልዑል ያን ጊዜ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 እና በ1995። ከሁለቱም በሰላም ወጥተዋል። የአሁኑ ግን ሌላ ነበር። ከአጠገባቸው መጥረቢያ የያዘና ውስኪ የሚጠጣ፣ የሚነግሩትን የማይሰማ ሰው ቆሟል። በዚህ መካከል ነው አብራሪው ለሦስት ሰዓት ያህል በጸጥታ የተዋጉት። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ውቅያኖሱ ከመዞር ይልቅ የአፍሪካን ጠረፍ ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ በመስኮቱ የብስ ሲያዩ ተቆጡ፤ አዙር አሉ። አዞሩ። ነገር ግን ወደ ባዶው ውቅያኖስ ሳይሆን በማዳጋስካርና በዋናው ምድር መካከል ወዳሉት ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ነበር ያቀኑት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የዚህ በረራ ጀግንነት ሲወራ ሰው የሚያደንቀው ውሃው ላይ ያረፉበትን መንገድ ነው። ለእኔ ከዚያ የሚበልጠው ይህ የአቅጣጫ ምርጫ ነው። ነዳጁ ማለቁ አይቀርም፤ አውሮፕላኑ መውረዱም አይቀርም። ካፒቴኑ ሊወስኑ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የት እንደሚወርድ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሰው በሌለበት ባሕር ላይ ቢወድቁ ከስብርባሪው የተረፈውም ሰው ሌሊቱን አያድርም ነበር። እሳቸው ግን ከአናታቸው መጥረቢያ ተሰንዝሮባቸው ሰው ወዳለበት በረሩ። አምሳው ነፍስ የተረፈው ያኔ ነው እላለሁ፤ አውሮፕላኑ ገና ከአሥር ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳለ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያ ከማንም ይልቅ የምታውቀው አንድ ሰው ነበሩ። ኬንያዊው የፎቶና የፊልም ጋዜጠኛ ሞሐመድ አሚን። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ገብተው በረሃብ የሚረግፈውን ሕዝብ ቀርጸው ለዓለም ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ጥቅምት 13 ቀን የተሰራጨው ያ ፊልም ነው የእርዳታውን ጎርፍ የከፈተው፤ ሙዚቀኞቹን በየመድረኩ ያሰለፈው፤ የእህል አውሮፕላኖቹን ወደ ኢትዮጵያ ያስላከው። ዛሬ በሕይወት ያለ ስንቱ የወሎና የትግራይ ሰው በዚያ ካሜራ ምክንያት ተርፎ ይሆን?

ኢትዮጵያ ለሞሐመድ አሚን የከፈለቻቸው ግን በመከራ ነው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ ገደማ፣ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ ለመቅረጽ ሄደው አንድ ክንዳቸውን አጡ። የድምፅ ባለሙያቸው ጆን ማታይ በዚያው ሞቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራውን ሰቅሎ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥመው፣ ካሜራውን ለአንድ እጅ እንዲመች አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወደ ኢትዮጵያም ተመለሱ።

ያን ቅዳሜ ከባልደረባቸው ከጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ጋር ወደ ናይሮቢ እየተመለሱ ነበር። ድርጅታቸው ካሜራፒክስ በዚያ ዘመን የአየር መንገዱን መጽሔት «ሰላምታ»ን ያዘጋጅ ነበር። ጠላፊዎቹ ከካፒቴኑ ቃል አስበልጠው ያመኑትም ያንኑ የአየር መንገዱን መጽሔት ነው። ይህን ግጥምጥሞሽ እንዴት ብዬ እንደምይዘው አላውቅም። ሰው በቅንነት የጻፈው ነገር በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ አያይም።

የተረፉ መንገደኞች እንደተናገሩት ሞሐመድ አሚን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አልተቀመጡም። ተነሥተው ከጠላፊዎቹ ጋር ይነጋገሩ፣ ተሳፋሪዎቹንም ተነሡ እንጋፈጣቸው እያሉ ያበረታቱ ነበር። አውሮፕላኑ ውሃውን ሲመታ ቆመው እንደነበር ይነገራል። እሳቸውም ብራያን ቴትሊም አልተረፉም። ሞሐመድ አሚን የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ።

ሌላዋ ሟች ሌስሊያን ሼድ የምትባል የሃያ ስምንት ዓመት አሜሪካዊት ናት። አዲስ አበባ በዲፕሎማትነት ትሠራ ነበር። ከሞት ያመለጡት እንደመሰከሩት የመጨረሻ ጊዜዋን በዙሪያዋ ያሉትን ስታጽናና አሳለፈችው። ከተረፉት አንዱ ደግሞ በቦምቤይ የአሜሪካ ዋና ቆንስል የነበሩት ፍራንክሊን ሃድል ናቸው፤ ባለቤታቸውም ተርፈዋል። ሃድል በኋላ በታጂኪስታን የአገራቸው አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። የእነዚህ ስም በጋዜጣ ስለወጣ እንጠራቸዋለን። ስማቸው በየቤታቸው ብቻ የሚጠራ ብዙዎች ግን በዚያው ረድፍ፣ በዚያው ቀበቶ ታስረው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ነዳጁ አለቀ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ሞተር ጠፋ። ሁለት ሞተር ያለው ትልቅ አውሮፕላን ሞተሮቹ ሲጠፉ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ክንፉ እስካለ ድረስ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ችግሩ ሌላ ነው። መሪውን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚመነጨው ከሞተሮቹ ነው። እነሱ ሲቆሙ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ ተርባይን ወደ ውጭ ትወጣና ነፋሱ እያሽከረከራት የመጨረሻዋን ኃይል ትሰጣለች። ያቺ ኃይል መሪውን ለመያዝ ትበቃለች፤ ፍላፖቹን ለመዘርጋት ግን አትበቃም። ፍላፕ ማለት አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ነው። እሱ ከሌለ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ማረፍ አይችልም፤ ቢቀንስ አየሩ አይሸከመውም። ስለዚህ 961 ውሃውን የነካው በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ነው። በዚያ ፍጥነት ባሕር ልስላሴ የለውም።

የካፒቴኑ ሐሳብ በግራንድ ኮሞር ደሴት ባለው የሃሃያ አውሮፕላን ማረፊያ መውረድ ነበር። ደሴቲቱን አይተዋታል። ነገር ግን በዚያች ወሳኝ ሰዓት ጠላፊው መሪውን ይታገላቸው ጀመር፤ በትግሉ መካከል ማረፊያው ከዓይናቸው ጠፋ። ይህን ጊዜ ነው ተደብድበው የወጡት ረዳት አብራሪ ዮናስ መኩሪያ እንደቆሰሉ ወደ ክፍሉ ተመልሰው የገቡት። የሠላሳ አራት ዓመት ወጣት ናቸው፤ ደማቸው ይፈሳል። ከጠላፊዎቹ ጋር ተያይዘው ካፒቴኑ እጃቸው ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ሞተር በሌለው አውሮፕላን ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ የለም፤ ከፍታው አንዴ ካለቀ አለቀ። ካፒቴኑ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሚትሳሚዉሊ አጠገብ የቱሪስት ሆቴል አዩ። ጀልባ አለ፤ ሰው አለ። ወደዚያ አቀኑ።

ማዕበሉን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ከማዕበሉ ጋር ትይዩ ሆነው ለማረፍ ሞከሩ፤ ትክክለኛው ዘዴም እሱ ነው። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ግን አውሮፕላኑ ወደ ግራ አጋደለ። የግራው ክንፍ ጫፍና ሞተሩ ቀድመው ውሃ ነኩ። ሞተሩ ውሃውን እየዛቀ ያንን ጎን ያዘው፤ ሌላው ጎን በነበረበት ፍጥነት ቀጠለ። አካሉ በዚያ ቅጽበት ተገነጣጠለ። ከዳርቻው 500 ሜትር ገደማ ነበር። ከኋለኛው ክፍል በስተቀር የተሰባበረው አካል ፈጥኖ ሰመጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነው። ብዙዎቹ በግጭቱ አልሞቱም። ብዙዎቹ የሞቱት በሕይወት ሊያኖራቸው በተሰጣቸው ነገር ነው።

የሕይወት አድን ጃኬት ቀላል ነገር ነው። በአንገት ይጠለቃል፤ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ገመዱ ሲሳብ በትንሽ ሲሊንደር የታመቀው ጋዝ ይነፋዋል። የአዋቂ ሰው ጃኬት 16 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ ራሱን የሳተን ሰው እንኳ ፊቱን ከውሃ በላይ ለመያዝ ይበቃል። ይህ ሁሉ ጥቅም ግን በክፍት ባሕር ላይ ነው። ውሃ እየሞላ ባለ ክፍል ውስጥ የነፋው ሰው ወደ ጣሪያው ይገፋል። መውጫው በር ደግሞ ከታች ነው፤ ለመውጣት ጎንበስ ብሎ፣ ጠልቆ መዋኘት ያስፈልጋል። ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ሰውዬው ወደ ታች። በዚህ ትግል ጃኬቱ ያሸንፋል። የቀሩት ደግሞ ቀበቶአቸውን ሳይፈቱ ከነመቀመጫቸው ሰመጡ።

ካፒቴኑ ጃኬቱን አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳይነፉ አስጠንቅቀው ነበር። ብዙዎች ግን ነፉት። አንዳንዱ አልሰማም፤ አንዳንዱ የተነገረበት ቋንቋ አልገባውም፤ አንዳንዱ ሰምቶም እጁ አልታዘዘለትም። ይህን የሚጽፉ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ተሳፋሪዎቹን የሚወቅሱ ይመስላሉ። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። ዋና ለማያውቅ ሰው፣ ባሕሩ በመስኮቱ እየቀረበ ሳለ፣ በእጁ ያለችውን ብቸኛ መትረፊያ ቆይተህ ንፋት ማለት ከባድ ትእዛዝ ነው። ከበረራ በፊት የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ገለጻ ማንም ልብ ብሎ የማይሰማው፣ ሁሉም ጋዜጣውን የሚገልጥበት ጊዜ ነው። እውነተኛው ማሳሰቢያ የመጣው ደግሞ በጩኸትና በትግል መካከል፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የበረራ አስተናጋጆች ሲሠለጥኑ 961 በምሳሌነት ይነሣል። ከበሩ ሳትወጣ አትንፋ የምትለዋ አጭር ትእዛዝ ምን ዓይነት ዋጋ እንደተከፈለባት የሚያውቅ ተሳፋሪ፣ ሌላ ጊዜ ሲሳፈር ገለጻውን ቀና ብሎ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

ከዳርቻው የታየው ሌላ ታሪክ ነው። አረፋው ሳይበርድ ሰዎች ወደ ውሃው ሮጡ። የደሴቲቱ ነዋሪዎችና ቱሪስቶቹ በተገኘው ጀልባ ሁሉ ወጡ። ለጠላቂ ዋናተኞች የተዘጋጁት የሆቴሉ ጀልባዎች ሰው መጫን ጀመሩ። ለእረፍት መጥተው በሆቴሉ ያረፉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ነበሩ፤ በዳርቻው ላይ ቁስለኛ ተቀበሉ። ኮሞሮስ ድኻ አገር ናት። ለእንዲህ ያለ አደጋ የተዘጋጀ የባሕር ኃይል፣ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር፣ የሠለጠነ ቡድን አልነበራትም። የነበራት ሕዝቡ ነው። ቋንቋቸውን የማያውቁትን፣ ከየት እንደመጡ ያልሰሙትን ሰዎች ከነዳጅና ከብረት ስብርባሪ መካከል ጎትተው አወጡ። እነዚያ ዓሣ አጥማጆችና የሆቴል ሠራተኞች በአገራችን ምን ያህል ይታወሳሉ? ከዚያ ባሕር በሕይወት የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ያለበት እያንዳንዱ ቤት የኮሞሮስ ሰው ውለታ አለበት።

አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦች ያን ቀን እንዴት እንዳመሹ ማሰብ ይከብዳል። ያን ጊዜ ሞባይል ስልክ በአገራችን ገና አልገባም። በባህላችን መርዶ በወጉ ይነገራል፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ደጋፊ ተዘጋጅቶ። የዚህ አደጋ ዜና ግን ወግ አልጠበቀም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሄደ፤ የወንድም ወይም የእናት መጨረሻ ይሆናል የተባለው ምስል ቆይቶም በየስክሪኑ ይደጋገም ጀመር። የባሕር ሞት ደግሞ ለለቅሶ እንኳ አይመችም። አስከሬኑ እስኪገኝ፣ ማንነቱ እስኪለይ፣ አገሩ እስኪገባ ድረስ ሐዘንተኛው በሞትና በተስፋ መካከል ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ይህን አደጋ ብዙ ሰው በኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ካረፈው አውሮፕላን ጋር ያነጻጽረዋል። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ካፒቴን ሰለንበርገር የሚያበሩት ኤርባስ አውሮፕላን በአዕዋፍ ተመትቶ ሁለቱንም ሞተር አጣ፤ ከተሳፈሩት 155 ሰዎች አንድም አልሞተም። ድንቅ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱንም ያስቀምጥ። እዚያ ወንዙ ጸጥ ያለ ነበር፤ ፍላፑ ተዘርግቷል፤ ረዳት አብራሪው ከጎናቸው ተቀምጦ ይረዳቸው ነበር፤ መርከቦች በደቂቃ ውስጥ ደርሰዋል። እዚህ ማዕበል አለ፤ ፍላፕ የለም፤ መሪውን የሚታገል ጠላፊ አለ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ውሃ ላይ አውርዶ አምሳ ሰው ማትረፍ ምን ማለት እንደሆነ የሙያው ሰዎች ገብቷቸዋል። ካፒቴን ልዑል ከዓለም አቀፉ የበረራ ደኅንነት ፋውንዴሽን ሽልማት ተቀብለዋል። ሁለቱም አብራሪዎች ተረፉ፤ ወደ በረራቸውም ተመለሱ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በዚያ ዘመን የአብራሪዎቹን ክፍል በር ሮጦ መግባት ይቻል ነበር። አብራሪዎችም የሚሠለጥኑት ጠላፊን ላለማስቆጣት፣ የሚለውን እየፈጸሙ እስኪያርፉ ድረስ ለመታገሥ ነበር። ጠላፊ መሞት አይፈልግም ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ነው። የኮሞሮሱ አደጋ ይህ እምነት ሁልጊዜ እንደማይሠራ አሳይቶ ነበር። ዓለም ግን በሩን ያጠነከረው ከመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. የኒውዮርኩ ጥቃት በኋላ ነው፤ ጥይት የማይበሳው፣ በኃይል የማይሰበር በር ለትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች በዓለም አቀፍ ደረጃ ግዴታ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 2003 ነው። በ1989 ዓ.ም. ያ በር ቢኖር ኖሮ ሦስቱ ወጣቶች ከውጭ ይቀሩ ነበር።

የሟቾቹ ስም በተለያየ መንገድ ቆይቷል። የሞሐመድ አሚን ልጅ ሳሊም አሚን የአባቱን ድርጅት ተረከበ፤ ስለ አባቱም ፊልም ሠራ። ሌስሊያን ሼድ ዲፕሎማት ብቻ አልነበረችም፤ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባልደረባ ነበረች። ድርጅቱ በሥራ ላይ ለሞቱ ሰዎቹ በዋና መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ኮከብ ይቀርጻል፤ የሷ ስም ለሕዝብ የተገለጸው በ2004 ዓ.ም. ነው። ስለ አብራሪዎቹም በብዙ ቋንቋ ተጽፏል፤ ተተርኳል።

ስለ ቀሩት ከአደጋው የተረፉ ኢትዮጵያውያን ግን በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው አንደበት የተነገረው ሊበዛ ይገባል። ያን ቀን የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ተሳፋሪ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሊደፍን ነው፤ አርባ የነበረው ሰባ። ጊዜ አለ ብሎ ማቆየት አይቻልም። ጋዜጠኛ ይሂድ፤ የታሪክ ተማሪ ይሂድ፤ የአየር መንገዱ ቤተ መዛግብት ይሂድ፤ የገዛ ልጆቻቸውም ስልካቸውን አብርተው ይቅረጿቸው። በየትኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር? አጠገባቸው ማን ነበር፤ ምን አለ? ጃኬታቸውን ማን አሠረላቸው? የካፒቴኑን ድምፅ ሲሰሙ በየትኛው ቋንቋ ነበር የሰሙት? ከውሃው ማን አወጣቸው፤ ምን ብሎ ጠራቸው፤ መልኩ እንዴት ነበር? ያንን ሰው ዳግም አግኝተውት ያውቃሉ? እነሱ እያሉ እንጠይቃቸው።